ጉርሻ የለመደው ሻለቃ

ከካምፓላ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ሙዝ ምግቡ ነው። ሙቀቱ የተወራለትን ያህል አይደለም፤ ሙዙን በቦታው እጽፈዋለሁ። የሄድኩበትን ጉዳይ ሳወራ ግን ሰው ይስቃል። እውነትም ያስቃል። ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት ያወጣሁት አንድ ጦጣ ጫካ ሲገባ ለማየት ነው። እንደሆነው ቀን በቀን ልጻፈው፤ የሚስቅም አንብቦ ጨርሶ ይሳቅ።

ታናሽ እህቴ ወይንሸት ካምፓላ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። ባሏ ተኽለ አሥመራ ተወልዶ ያደገ ኤርትራዊ ሲሆን መሀል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ልጅ የላቸውም። ከኮሮና በፊት ተኽለ አንድ ሰው በካርቶን ይዞ ሊሸጠው ሲያዞር ያገኘውን የጦጣ ግልገል አዝኖለት ቤት አመጣው። ፊቱ ጥቁር ሆኖ ዙሪያውን ነጭ ፀጉር ስለከበበው፣ ሲቀመጥም ደረቱን ነፍቶ ስለሆነ ሻለቃ አሉት። ኮሮና ገብቶ ሱቅ ሲዘጋ ተኽለና ሻለቃ ቤት ዋሉ፣ ከአንድ ትሪም በሉ። ተኽለ ይጠቀልላል፣ ሻለቃ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ወይንሸትም ታጎርሰው ነበር፤ ለማጉረስ የሚሰንፍ ሰው በእኛ ቤት አላደገም።

ሻለቃ ሲጎለምስ ግን ጥርሱ ጠነከረና ውሃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ እጅ ነከሰ። ያኔ ተኽለ ራሱ፣ ከሰው እጅ የተወሰዱ እንስሳትን ተቀብሎ የሚያሳድግ አንድ ማዕከል ጋ ደውሎ አስረከበው። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎት፣ በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ማዕከሉ ሻለቃን ከመሰሎቹ ጋር አላምዶ ጫካ ሊለቀው መሆኑ ተሰማ። ወይንሸት ደወለችና “ጋሼ፣ ተኽለ ብቻውን አይችለውም፣ ናልኝ” ብላ ቲኬት ላከችልኝ። ሰው የታመመ መስሎኝ ሄድኩ ማለት ይቀለኝ ነበር። አውቄ ነው የሄድኩት።

ሰኞ

ያን ሰሞን የኮሮና ምርመራ ወረቀት ያልያዘ አውሮፕላን አይወጣም፤ አፍንጫዬን ቆርቁረው ወረቀቴን ሰጡኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ነበር፣ ልብሴ የገባው በተረፈው ቦታ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ካምፓላ ውስጥ ለአንድ የውጭ ድርጅት የሚሠራ አበሻ ነበር። ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። “ለቤተሰብ ጉዳይ” አልኩት፤ ሐሰት አይደለም።

ለማረፍ ዝቅ ስንል ሐይቁ ታየ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በሰማያዊ ጠመኔ እንደ ድንች አድርጌ የምስለው የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ጣናን የለመደ ዓይኔ ማዶውን ፈለገ፤ ማዶ የሚባል ነገር የለውም። ተማሪዎቼን ሰብስቤ ይቅርታ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም።

ተኽለ ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ከጫነ በኋላ በልማዴ በቀኝ በኩል ዞሬ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ መሪው ፊቴ ተደቀነ። እዚያ አገር መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ ነው፣ መሪውም በቀኝ ነው። ተኽለ በሩን ይዞ ቆመና “ጋሽ በላቸው፣ እርስዎ ከነዱልኝማ እኔ ትንሽ ልተኛ” አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ካምፓላ አንድም ቀልድ አልወጣውም። የማውቀው ተኽለ እንዲህ አልነበረም።

ከተማው እንደ እኛው በኮረብታ ላይ ኮረብታ ነው፣ አፈሩ ግን እንደ ሸክላ ቀይ ነው፣ ያልተገነባ ቦታ ሁሉ ደግሞ አረንጓዴ ነው። ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች በመኪኖቹ መሀል እንደ ውሃ ይፈሳሉ። በአንዱ ላይ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አንድ ፍራሽ አብረው ሲያልፉ አየሁ፤ ማንም ዞሮ አላያቸውም። እህቴ የምትኖርበት ኪዋቱሌ ገና እየተሠራ ያለ ሰፈር ነው። ሲኤምሲን አስቡና ሙዝ ጨምሩበት።

እህቴ ቤት በእራት ሰዓት ዜና አይከፈትም። በዚያን ሰሞን በሀገራችን የነበረውን ታውቁታላችሁ፤ ባልና ሚስቱ ነገሩ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ የተስማሙበት ደንብ ነው። ስለ ጦጣውም አልተነሳም። ተኽለ አጎረሰኝ፣ እጁን ታጠበና “ነገ ጠዋት በሩን እናያለን” ብሎ ወደ መኝታው ገባ።

“የምን በር?” አልኳት ወይንሸትን።

“የሻለቃ በር” አለችኝ።

ማክሰኞ

በሩ የሚሠራው ካትዌ ነበር። ካትዌ የብረት ሰፈር ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ እንግዳ አይሆንም። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይወጣል፣ ከመኪና ስፕሪንግ ቢላ ይወጣል፣ ሁሉም ይቀጠቅጣል፣ ለመነጋገር ጆሮ ስር መጮህ ያስፈልጋል። ልዩነቱ እዚህ ቀጥቃጩም ሻጩም ደንበኛውን “ሴቦ” ብሎ መጀመሩ ነው፣ “ጌታዬ” እንደማለት ነው። መርካቶ ጌታዬ ያለኝን ሰው ዋጋውን ሳልሰማ እሸሸዋለሁ፤ እዚህ ግን ሰላምታ ብቻ ነው።

የተኽለ በር ወደ ጎን የሚንሸራተት የብረት ፍርግርግ ነበር፣ ጫፉ ላይ ረጅም የሽቦ ገመድ ታስሮበታል። ጦጣዎቹ ከወራት ጀምሮ ማሲንዲ ከሚባል ከተማ ወዲያ፣ ጫካ ዳር በተሠራ ሰፊ የሽቦ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ ነው። የቀረው በሩ ነው። የማዕከሉ ሐኪም ዶክተር ናካቶ ሥራውን ልታይ እዚያው ካትዌ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ፈገግታዋን የምትቆጥብ ሴት ናት። ገመዱን ከሩቅ ቆማ ሳበችው፤ በሩ ተከፈተ። ደገመችው፤ ተከፈተ።

“ለምን ረጅም ሆነ?” ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት።

“በሩ ሲከፈት አጠገቡ ሰው ካዩ ወደ ሰው ነው የሚወጡት። ባዶ ሜዳ ካዩ ወደ ዛፍ ይወጣሉ” አለችኝ።

ከዚያ ወደ ተኽለ ዞረች። የቀድሞ አሳዳጊ እንዲገኝ ማዕከሉ አይፈቅድም ነበር። የራሳቸው የጭነት መኪና ተበላሽቶ በሩን የሚያደርስላቸው ተኽለ ስለሆነ፣ እሷ በራሷ ኃላፊነት ነው የፈቀደችው። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዎቿን ነገረችን፤ ሻለቃ ድምፃችንን መስማት የለበትም፣ ስንበላም ማየት የለበትም።

“እኛ ጋ ሲመጣ ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ?” አለች። “ሙዝ መሬት ላይ እናስቀምጥለታለን፣ አያነሳም። አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ሠራተኞቼ ጥርሱን ያመመው መስሏቸው መርምሪው አሉኝ። እናንተ በእጃችሁ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ምግብ እንደምታስገቡ በኋላ ነው ሰው የነገረኝ። ከመሬት እንዲያነሳ ለማስተማር ወራት ፈጀብኝ።”

አብራን የመጣችው ወይንሸት ሳቀች። ተኽለ አልሳቀም።

“አሁንም ሰው ጋ ሄዶ አፉን ከከፈተስ?” አለ።

“ጫካው አጠገብ እርሻ አለ። የገበሬ ደጅ የለመደ ጦጣ ይገደላል። ያ ከመሆኑ በፊት መልሼ አመጣዋለሁ። ከመጣ ግን ሁለተኛ አልለቀውም፤ ዕድሜ ልኩን ሽቦ ውስጥ ነው የሚኖረው።”

ተኽለ ራሱን ነቀነቀ። በሩን ስንጭን ከኪቡሊ ኮረብታ የአዛን ድምፅ ተሰማ፤ ብየዳውን የሠራልን ሰው እጁን ጠርጎ ለሶላት ሄደ፣ እኛም ወደ ቤት ተመለስን። በመንገድ ላይ ተኽለ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ። “ሽቦ ውስጥ እንዲያረጅ ብዬ አይደለም የሰጠሁት” አለ።

ረቡዕ

ሳይነጋ ተነሳን፤ ካምፓላ ከነጋ በኋላ የተነሳ ሰው ጠዋቱን መንገድ ላይ ነው የሚጨርሰው። ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ዳገት ቁልቁለቱም የዋህ ነው። ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ይህን መንገድ ተጉዣለሁ ብሎ ማውራት አይችልም።

ቁርስ የመንገድ ዳር ሮሌክስ ነው። ስሙን ስሰማ ሰዓት መስሎኝ ነበር፤ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ ላይ እንቁላል ጠብሰው የሚጠቀልሉት ምግብ ነው። ጾም ስለሆነ ወይንሸት ያለ እንቁላል እንዲሠራልን አዘዘች። ሰውዬው ግራ ገባው። “ያለ እንቁላልማ ሮሌክስ አይደለም” አላት። “እንግዲያው ቲማቲም ጠቅልልበትና የፈለግከውን በለው” አለችው። አጣጥመን በላነው፤ እሱም አብሮን ከበላ በኋላ መጥፎ እንዳልሆነ አመነ።

ከሉዌሮ ከተማ አለፍ ብሎ ፖሊስ አስቆመን። ከኋላ የተጫነውን የብረት በር በዱላው ቆረቆረና “የየትኛው እስር ቤት ነው?” አለ። ተኽለ የጦጣ ነው አለው። ፖሊሱ በጥሞና አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ በሽበቴ ነው መሰለኝ ከእኔ መልስ ጠበቀ። “ለማስገባት ሳይሆን ለማስወጣት ነው” አልኩት። ከልቡ ሳቀና ሸኘን።

ብዙ ሳንሄድ ጎማ ፈነዳ። ተኽለ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ ተጠባባቂ ጎማ ግን አልያዘም ነበር፤ ለበሩ ቦታ ሲለቅ አውርዶት መርሳቱ ነው። ወይንሸት ስትስቅበት እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ተኽለ በቦዳ ጎማውን ሊያሠራ ሲሄድ፣ አንዲት አናናስ የምትሸጥ ሴት ከዳሷ ሥር ወንበር አውጥታ አስቀመጠችን። ፀሐዩ ሲዞር ወንበሩን ከጥላው ጋር እየተከተለች ታዞርልን ነበር። አናናስ ልጣ ሰጠችን፤ ልንከፍላት ስንል ተቀየመች። አንድ ቃል ሳንግባባ ይህን ያህል መቆየታችን ገርሞኛል።

ማሲንዲ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ያረፍንበት እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ማማ ሮዝ ይባላሉ፤ ሰፊ፣ ድምፃቸው የወረደ ወይዘሮ ናቸው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማንበላ ስንነግራቸው የታመምን መሰላቸው። ስለ ጾም ካስረዳናቸው በኋላ ግን ጓዳ ገብተው ማቶኬ በኦቾሎኒ ወጥ ይዘው መጡ። ማቶኬ ማለት ያ የምትጠይቁኝ ሙዝ ነው። ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ በቅጠሉ ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይቀቀልና ይደቆሳል። ጣፋጭ አይደለም፤ ድንች ነው ብሎ የጀመረ አይቸገርም። እኔ ሁለተኛ ጠየቅሁ። ማማ ሮዝ ሳህኔን ሲሞሉ ሦስተኛውንም አብረው ጨመሩበት፣ የእኛን አገር ሴቶች አስታወሱኝ።

ተኽለ ትንሽ ቀምሶ ተወው።

ሐሙስ

ዶክተር ናካቶና የጫካው ጠባቂ ኦኬሎ ቀድመው ደርሰው ጦጣዎቹን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብተው፣ መሀሉን በሸራ ጋርደው ጠበቁን። እነሱን ሳናይ በሩን ገጠምን። ተኽለ ያለ ድምፅ ነው የሠራው፤ መፍቻ እንኳ ሲያስቀምጥ ጨርቅ ላይ ነበር። ከሸራው ወዲያ ሲንጫጩ ይሰማል። በአንዱ ጩኸት ላይ የተኽለ እጅ ቆመ። “እሱ ነው” አለኝ በጆሮዬ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ።

ሲያልቅ ዶክተሯ ሸራውን አነሳችና ምሳችንን ከእግር መንገዱ ጥምዝምዝ ወዲያ፣ መኪናው ጋ ሄደን እንድንበላ አዘዘችን። ትእዛዙን አከበርን። ወይንሸት ከቤት ባመጣነው ጤፍ ማማ ሮዝ ግቢ የጋገረችውን እንጀራ ዘረጋች፣ ሽሮም ነበር። ልንጀምር ስንል ኦኬሎ በእግር መንገዱ ወደ ጥበቃ ቦታው ሲመለስ በአጠገባችን አለፈ።

“እንብላ፣ ና” አለችው ወይንሸት፤ የቀረውን በእጇ አስረዳችው። ኦኬሎ አመስግኖ፣ በልቻለሁ ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እዚህ ላይ ሌላ አገር ሰው ቢሆን ምሳውን ይበላ ነበር። ሰውየው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ከእኛ ጋር ብረት ሲሸከም የዋለ ነው። ወይንሸት ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ ማስቀመጥ አልቻለችም። ተነስታ በእጇ እንደያዘች ተከተለችው። “በሞቴ፣ አንድ ብቻ!” እያለች፣ ኦኬሎ እየሳቀ ወደ ኋላው እየሄደ፣ ጥምዝምዙን አለፉ። ተኽለ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። “ወይንሸት!” ብሎ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት።

ስንደርስ ኦኬሎ ከሽቦው ቤት ፊት ለፊት አፉ ሞልቶ ያላምጣል፣ ወይንሸትም እጇን እየጠረገች ትስቃለች። ከእነሱ ጀርባ፣ ከውስጥ በኩል፣ አንድ ትልቅ ጦጣ ከቅርንጫፍ ወርዶ ሽቦውን በሁለት እጁ ይዟል። አፉ ተከፍቷል። አይጮኽም፣ አይዘልም፤ ተራው እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የተቀመጠው።

ተኽለ ዓመት ሙሉ አላየውም ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደና ቆመ። ዶክተር ናካቶ ለነገ ከተሠራው የሣር መጋረጃ ጀርባ ወጣች። ሻለቃን አየች፣ የወይንሸትን እጅ አየች።

ማታ ማማ ሮዝ ቤት ቁጭ ብለን ወይንሸት አለቀሰች። “እጄ ነው ጋሼ፣ አላሰብኩትም” አለችኝ። እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

ዶክተሯ ከእራት በኋላ መጣችና ወደ ተኽለ ዞራ ተቀመጠች።

“ሌሎቹ ነገ ይወጣሉ። እሱን መልሼ ልወስደው እችላለሁ። ወይ ደግሞ አንድ ዕድል እንሰጠዋለን። ሰው እጅ ላይ ምግብ እንዳለ ሻለቃ አልረሳም፣ እንዲረሳም ማድረግ አልችልም። ሊፈራው ግን ይችላል።”

“እንዴት?” አለ ተኽለ።

“ሲመጣ በማባረር፣ በመወርወር።”

እኔ ወዲያው ገባሁበት። ያደግኩት መንዝ ነው፤ ጦጣና ዝንጀሮ ከእህል ማባረር ከፊደል በፊት የተማርኩት ሥራ ነው። “እኔ እወረውራለሁ” አልኩ።

“እርስዎን ቢፈራ ምን ይጠቅማል? አያውቅዎትም” አለችኝ። “ሰውን ሁሉ እንዲፈራ ከተፈለገ ያስተማረው ሰው ነው መወርወር ያለበት።”

ተኽለ የገዛ እጁን አየ። ከዚያ “እኔ ነኝ ያስተማርኩት” አለ።

በዚያው ማታ ጓሮ ወጥተን በመብራት አሳየሁት። ድንጋይ አይደለም፣ የአፈር ጓል ነው፤ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። ተኽለ የአሥመራ ልጅ ነው፣ ከኳስ በቀር ነገር ወርውሮ አያውቅም። የፓፓያውን ግንድ ሁለት ጊዜ ሳተውና የማማ ሮዝን ባልዲ መታ። ማማ ሮዝ በመስኮት አይተው ምንም ሳይጠይቁ መጋረጃቸውን ሳቡ።

ዓርብ

ዶክተሯ ተኽለን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሜዳው ላይ ብቻውን አቆመችው። እግሩ ሥር የአፈር ጓል ከምረንለታል። እኔና ወይንሸት ከሣር መጋረጃው ጀርባ ሆነን በቀዳዳ እናያለን። ኦኬሎ ገመዱን ከሩቅ ሳበው፤ የካትዌው በር ሲጢጥ ሳይል ተንሸራተተ።

መጀመሪያ አንዲት እናት ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ትንሽ ቆየችና በሜዳው ላይ ሮጣ ዛፉ ላይ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። መጨረሻ ላይ ሻለቃ ወጣ። ወደ ዛፉ አላየም። ተኽለን አየና ሳይቸኩል፣ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው እየተራመደ መጣ። ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ተቀመጠ፣ ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ።

ተኽለ ጓሉን በእጁ ይዟል። እጁ አልተነሳም።

“ኪድ” አለው በትግርኛ፣ ቀስ ብሎ። ሂድ ማለቱ ነው። ለሕፃን የሚነገር ይመስል ነበር።

ሻለቃ አፉን እንደከፈተ ነው።

“ኪድ!” ብሎ ጮኸና ወረወረ። ሳስቶለት በሙሉ አቅሙ ስላልወረወረ ጓሉ ከሻለቃ ፊት ወደቀ። ሻለቃ አየው። ዝቅ ብሎ አነሳው፣ አሸተተው፣ ጥቂቱን በጥርሱ ሞከረው። ምግብ መስሎታል። ሲያውቀው አስቀመጠውና ተኽለን ቀና ብሎ አየው፣ አፉንም እንደገና ከፈተ። ወይንሸት ክንዴን ጨመቀችው። እኔ በሕይወቴ ስንቱን ጦጣ በድንጋይ አባርሬያለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ዓይኔን ጨፍኜ ብከፍት ነገሩ ሁሉ አልፎ ባገኘው ተመኘሁ።

ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ሻለቃ ዘሎ ተነሳ። ተኽለን አየው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያም ጥርሱን ሙሉ አሳየውና ጮኸበት። የቤት ጩኸት አልነበረም። ዞሮ ሮጠ፣ ዛፉ ላይ ወጣ። ተኽለ እየተከተለ ወረወረ፣ እየጮኸም ወረወረ፣ ጦጣው ከቅጠሉ ከገባ በኋላ እንኳ አላቆመም።

“በቃ፣ ሄደ” አለችው ወይንሸት ከመጋረጃው ወጥታ።

“ይመለስ ይሆናል” አላት። አንድ ጓል ይዞ እዚያው ቆመ። ፀሐዩ ከፍ እስኪል ቆመ፤ ውሃ ስሰጠው በሌላኛው እጁ ነው የተቀበለኝ። አንድ ጊዜ ቅጠሉ ተነቃነቀና ሻለቃ እስከ ታችኛው ቅርንጫፍ ወረደ። የተኽለን ፊት አይደለም ያየው፣ እጁን ነው። ተኽለ እጁን ከፍ አደረገ። ሻለቃ ዞረና ወደ ላይ ወጣ።

ወደ ማሲንዲ ስንመለስ መኪናውን የነዳችው እህቴ ናት።

ቅዳሜ

አልተጓዝንም። ዶክተሯ ጎህ ሲቀድ ጫካው ድረስ ሄዳ የሆነውን እስክትነግረን እንድንጠብቅ ጠይቃን ነበር። መኪናው ውስጥ ባዶ የማጓጓዣ ሣጥን ጭና እንደሄደች ኦኬሎ ነግሮናል፤ ወርዶ ሰው ጋ ከመጣ ልትወስደው ነው። ማማ ሮዝ ሻይ በዝንጅብል አቀረቡልን። ተኽለ ደጃፉ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። የሆስፒታል በር ላይ የቆመ ዘመድ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ዶክተሯ መጣች፣ ከመኪናዋም ወረደች። ሣጥኑ ከኋላ ይታያል፣ ባዶ ነው።

“ከኦኬሎ ጋር በዛፋቸው ሥር አለፍን” አለች። “ቀድሞ ያየን ሻለቃ ነው። ጮኸና ሁሉንም አስነስቶ ወደ ውስጥ ይዟቸው ሄደ። ኦኬሎ ሆን ብሎ እጁን ዘረጋለት። ጭራሽ ፈጠነ።”

“ሰውን ፈራ ማለት ነው?” አለ ተኽለ።

“ፈራ።”

“እኔንም ቢያየኝ?”

ዶክተር ናካቶ ፈገግታ የምትቆጥብ ሴት ናት ብያለሁ፤ አሁንም ፈገግ አላለችም። እጇን ክንዱ ላይ አደረገች።

“አንተን ከሁሉ አስቀድሞ” አለችው።

“ተመስገን” አለ ተኽለ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱንም በሁለት እጁ ሸፍኖ በሰው ፊት አለቀሰ።